ኩሩማን፦ የሞፋት ቤተሰብ የሚሲዮን ኑሮና ሥራ

በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ በሰሜን ኬፕ ግዛት የምትገኘው ኩሩማን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የሚሲዮን ጣቢያ ነበረች። የለንደን ሚሲዮናውያን ማኅበር መልእክተኛ የነበሩት ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሞፋትና ባለቤታቸው ሜሪ እስከ እ.ኤ.አ. 1870 ድረስ ኖረውባታል።

ሥራቸው ስብከት ብቻ አልነበረም። በሙያቸው አትክልተኛ የነበሩት ሮበርት የኩሩማንን ምንጭ በቦይ ጠልፈው እህልና አትክልት ያለሙ ነበር፤ ብረትም ይቀጠቅጡ ነበር። ሜሪ የቤቱን ወለል በእበት መለቅለቅ መጀመሪያ ላይ ቢከብዳቸውም፣ አቧራንና ቁንጫን እንደሚከላከል ካዩ በኋላ ልማዱን ወደዱት።

ትልቁ እንቅፋት ቋንቋ ነበር። በአስተርጓሚ የሚሰበከው ቃል ይዛባ ስለነበር፣ ሮበርት በ1827 ቤተሰባቸውን ትተው በባሮሎንግ ሰዎች መካከል ለሳምንታት በመቀመጥ ሴትስዋናን ተማሩ። የተረጎሙት የሉቃስ ወንጌል በ1830 በኬፕ ታውን ታተመ። በዚያው የኅትመት ሙያ ቀስመው፣ ማተሚያ መሣሪያ ወደ ኩሩማን አስመጡ። አዲስ ኪዳን በ1840፣ ብሉይ ኪዳን ደግሞ በ1857 ታትመው ተጠናቀቁ።

ቤተሰቡ የከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። ልጆቹ ለትምህርት ከወላጆቻቸው ርቀው ይላኩ ነበር። በ1845 ዴቪድ ሊቪንግስተንን ያገባችው የበኩር ልጃቸው ሜሪም ወላጆቿ በሕይወት ሳሉ፣ በ1862 በዛምቤዚ ወንዝ አካባቢ በወባ አረፈች።

ሚሲዮናውያኑ የአካባቢውን ባህላዊ ሥርዓቶች በመቃወማቸው ዛሬም ይተቻሉ። ይሁንና ትርጉሙ ለሴትስዋና የጽሑፍ ቋንቋ እድገት መሠረት ጥሏል፤ በ1838 የተጠናቀቀው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያንም እስካሁን በኩሩማን ቆሞ ይታያል።