የተጻፈው ዓመትና የተሠራበት ዓመት

በጠገራ ብር ላይ የሚነበበው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው። ይህም ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ነገር ግን ከእርስዋ ሞት በኋላ በቪየናም ሆነ፣ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትነሣ በሮማ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 እንደ ያዘ ወጥቷል። እንግዲህ ቍጥሩን ብቻ አይቶ «ይህ ብር የ1780 ሥራ ነው» የሚል ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ያለፈ ታሪክ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን ያው ስሕተት ዛሬ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ ይገኛል። የኮምፒዩተር አንጎል በሆነው በፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ ብዙ ቍጥርና ፊደል ተጽፏል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ግን የተሠራበትን ጊዜ የሚናገረው አንዱ መሥመር ብቻ ነው።

ነገሩ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር ፍላቂትን ያስብ። ፍላቂት ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። እንዲህ ባለች የደጋ ከተማ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ያገለገለ ኮምፒዩተር በስጦታ መጣ እንበል። የማጓጓዣው ገንዘብ፣ የመለዋወጫው ፍለጋ፣ የጥገናው ድካም ሁሉ የትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ዕቃው የስንት ዓመት እንደ ሆነ በንብረት መዝገብ በትክክል መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ሰጪው «ብዙ አላገለገለም» ሲል ተቀባዩ የሚመልሰው ቃል አይኖረውም።

አሁን ወደ አነባበቡ እንሂድ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በሠራው ፔንቲየም ላይ በክብ ውስጥ ያለች የላቲን ፊደል «ሲ» ትገኛለች፤ ከአጠገቧም 92 እና 93 ተጽፏል። ይህ የንድፉ የባለቤትነት መብት የተያዘበት ዓመት እንጂ ዕቃው ከፋብሪካ የወጣበት ዓመት አይደለም። በሌላ አነጋገር የፔንቲየሙ 1780 ይኸው ነው።

የሥራውን ጊዜ የሚናገረው ስምንት ያህል ፊደልና ቍጥር ያለው ሌላው መሥመር ነው። የመጀመሪያው ምልክት ፋብሪካውን ያመለክታል፤ ለምሳሌ «ኤል» የማሌዥያ ነው። ሁለተኛው የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው በአንድነት ሳምንቱን ይነግራሉ። ስለዚህ መሥመሩ በ«ኤል631» ቢጀምር፣ ማሌዥያ፣ መጨረሻው 6 የሆነ ዓመት፣ 31ኛው ሳምንት ተብሎ ይነበባል።

ነገር ግን 6 የየትኛው ዐሥር ዓመት ናት? ይህን የምናውቀው ዕቃው ለገበያ ከወጣበት ዓመት ነው። 486 የተባለው በ1989፣ ፔንቲየም በ1993፣ ፔንቲየም ሁለት በ1997፣ ፔንቲየም ሦስት በ1999፣ ፔንቲየም አራት በ2000 እ.ኤ.አ. ወጡ። እንግዲህ በመጀመሪያው ፔንቲየም ላይ ያለችው 6 ከ1986 ልትሆን አትችልም፤ 1996 ናት። በፔንቲየም አራት ላይ 3 ብናገኝ ደግሞ 2003 ነው።

ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ኩባንያና ሌሎች ብዙ ሠሪዎች አራት አኃዝ ይጽፋሉ፤ ሁለቱ ለዓመቱ፣ ሁለቱ ለሳምንቱ። 9741 ማለት የ1997 41ኛው ሳምንት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 7408 እና 7432 የታወቁ የትንንሽ ቺፖች ስሞች ናቸው፤ ያላወቀ ሰው ግን የ1974 8ኛና 32ኛ ሳምንት አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል። እንዲሁም የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ከ53 ከበለጡ ያ ቍጥር የሳምንት ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኛ የብቻችን የሆነ አንድ ሥራ ይቀራል፤ ይኸውም የዘመን አቈጣጠሩን መለወጥ ነው። እስከ 35ኛው ሳምንት ድረስ ከፈረንጁ ዓመት 8 እንቀንሳለን፤ ከ38ኛው ጀምሮ 7 እንቀንሳለን። 36ኛውና 37ኛው ዕንቍጣጣሽ የሚውልባቸው ስለ ሆኑ ቀኑን ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከላይ ያየነው የ1996 31ኛ ሳምንት ሐምሌ 1988 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው፤ 41ኛው ቢሆን ኖሮ ግን መስከረም ማለቂያ 1989 ዓ.ም. በሆነ ነበር። የመዝገብ ሹሙ 93 የሚለውን አይቶ «1993 ዓ.ም.» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩን ከእውነተኛ ዕድሜው 5 ዓመት ያህል ወጣት ያደርገዋል።

የፕሮሰሰሩ ዕድሜ የኮምፒዩተሩ ዕድሜ ነው ማለትም አይቻልም። ፕሮሰሰር ይለወጣል፤ በመጋዘንም ይቈያል። ስለዚህ በዋናው ሰሌዳ ላይ የተበየዱትን ሌሎች ቺፖች ማንበብ ይገባል። ሰሌዳው ከሁሉ በኋላ ከተሠራው ቺፕ ቀድሞ ሊገጠም አይችልምና ይህ የማያሻማ ወሰን ነው። ሲበራ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀን ግን የፕሮግራሙ እንጂ የዕቃው አይደለም።

ለማንበብ የሚነሣ ሰው ጥንቃቄ ያድርግ። በመጀመሪያ ገመዱን ከኤሌክትሪክ ይንቀል፤ ከዚያም የሳጥኑን ብረት በእጁ ነክቶ በሰውነቱ ያለውን ኤሌክትሪክ ያስወጣ። ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ በቀስታ ግራና ቀኝ ያዙር፤ የደረቀው ቅባት ፕሮሰሰሩን አብሮ ነቅሎ እግሮቹን ሊያጣምም ይችላልና። በቀለም የታተመውን ጽሑፍ በአልኮል አይሹ፤ ይጠፋል። የተቀረጸውን ግን ብርሃን ከጎን ቢያበሩበት ይታያል። ፊቱ የተፋቀ መስሎ ከታየ ደግሞ ይጠርጥር፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አዝጋሚውን ፕሮሰሰር ፍቀው የፈጣኑን ስም የሚጽፉ አጭበርባሪዎች ነበሩ።

በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ በየትምህርት ቤቱ መጋዘን ተቈልለው የምናገኛቸው እነዚህ ሣጥኖች የብዙ ልጆች እጅ መጀመሪያ ኮምፒዩተር የነካባቸው ናቸው። የብረታ ብረት ገዢ በሚዛን ወስዷቸው ከሄደ በኋላ ዕድሜያቸውን የሚነግረን አይገኝም። ስለዚህ አንድ እርሳስና አንድ ወረቀት እንያዝ፤ መሥመሩን እንዳለ እንገልብጥ፤ ከጎኑም ወሩንና ዓመቱን በእኛ አቈጣጠር ጽፈን ለመዝገብ ሹሙ እንስጥ። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።