ቀበሮውን ማን አየው?

ዛሬ ማታ ለልጅዎ የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡለት ዓይንዎ የት እንዳለ ያስተውሉ። ፊደሉ ላይ ነው። መስመሩን ተከትለው ይሄዳሉ፤ አራት ነጥብ ጋ ሲደርሱ ገጽ ይገልጣሉ። ፊደል ገና ያልቆጠረው ልጅ ግን ከመስመሩ ጋር ምን ጉዳይ አለው? እርስዎ ሲያነቡ እሱ ሥዕሉን ከጥግ እስከ ጥግ ያስሳል። ከአልጋው ሥር ምን አለ? በመስኮት ማን ያያል? የውሻው ጅራት የት ገባ?

አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት አንባቢ ማለት ነው። ጎበዝ የሥዕል መጽሐፍ ሠሪ ይህን የሥራ ክፍፍል አሳምሮ ያውቀዋል። ልጁን በሳቅ የሚያንፈራፍረውም ሆነ ልቡን የሚያሞቀው ብልሃት የተደበቀው እዚሁ ላይ ነው። እኛ ግን ለልጅ መጽሐፍ ስንገዛ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው የሽፋኑን ድምቀትና የሥዕሉን ማማር ነው።

እንግሊዛዊቷ ፓት ሃቺንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችውን «ሮዚስ ዎክ» እንውሰድ። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሮዚ የምትባል ዶሮ ግቢውን ዞር ዞር ብላ ለእራት በሰዓቷ ትመለሳለች። አለቀ። ቃሉን ብቻ የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ተፈጠረ?» ማለቱ አይቀርም።

ሥዕሉ ላይ ግን ከዶሮዋ ኋላ ቀበሮ አለ። ሊይዛት ሲዘል ጥርሳም የሣር መሰብሰቢያ ይረግጥና እጀታው ተነሥቶ አፍንጫውን ይለዋል። ደግሞ ሲዘል ኩሬ ውስጥ ይገባል። ዱቄት ይፈስበታል፤ በመጨረሻም ንብ ያባርረዋል። ዶሮዋ አንድ ጊዜም ዞር ብላ አታይም። መጽሐፉ ውስጥም «ቀበሮ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

መጽሐፉን ካገኙት እንዲህ ይሞክሩት። ቀበሮውን በጣትዎ አያሳዩ፤ ስሙንም አይጥሩ። ምንም እንዳላየ ሰው ረጋ ብለው ቃሉን ብቻ ያንብቡ። ሁለት ሦስት ገጽ እስኪገለጥ ይታገሡ። ልጁ ወይ ይጮኻል፣ ወይ እጅዎን ይጎትታል፣ ወይ ለዶሮዋ ራሱ ይነግራታል።

ለምን እንዲህ ያስቀዋል? የአንድ የአራት ዓመት ልጅ ቀን እንዴት እንደሚውል ያስቡ። ጫማው በየትኛው እግር እንደሚገባ ሌላ ሰው ያውቃል። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ምሳ መቼ እንደሚቀርብ፣ ማን ቤት እንደሚኬድ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ከዶሮዋ የበለጠ ያውቃል፤ ከቀበሮውም ይልቃል፤ የሚደርስበትን አስቀድሞ ያይለታልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በእሱ ዓይን ሲታይ፣ ከሚያነብለት ትልቅ ሰው ይበልጣል። ማንበብ የማይችለው ልጅ አንባቢውን ቀደመው! ይህ ደስታ ለልጅ ብርቅ ነው።

የታጠበ ጋቢ ለሁለት ሲጨመቅ አይተዋል። አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ሲጠመዝዝ ውኃው ይወርዳል፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞሩት ግን ጋቢው ይሽከረከራል እንጂ ጠብታ አይወጣውም። ቃልና ሥዕልም እንዲሁ ናቸው። ቃሉ «ልጁ ኳስ ይዟል» ሲል ሥዕሉም ኳስ የያዘ ልጅ ብቻ ካሳየ ለሕፃኑ የሚጨመቅ ነገር አልተረፈለትም።

መጽሐፍ መደብር ሲገቡ ይህን በመዳፍዎ መፈተን ይችላሉ። መሐል ላይ አንድ ገጽ ይግለጡ። ጽሑፉን በመዳፍዎ ይሸፍኑና ሥዕሉን ብቻ ይመልከቱ። ቀጥሎ ሥዕሉን ይሸፍኑና ጽሑፉን ብቻ ያንብቡ። ሁለቱም ተመሳሳይ ነገር ከነገሩዎት መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ይመልሱት። አንዱ ሌላው ያልነገረዎትን ካሾለከልዎት ግን መጽሐፉ ይሠራል፤ ሦስት አራት ገጽ ይሞክሩበት።

በዚህ ፈተና ብዙዎቹ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ይቸገራሉ፤ ይህን ስናገር ያመኛል። ተረቱ ግሩም ነው፤ ሥዕሉ ግን ቃሉን ይደግማል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ምክሩ ተዘርዝሮ ይጻፋል። ልጁ የተረቱ ጅብ ለምን እንደተሞኘ ራሱ ደርሶበት በደስታ ሊናገር አፉን ሲከፍት መጽሐፉ ቀድሞት ይናገራል። ቢቻል ያንን የመጨረሻ አንቀጽ ሳያነቡ መጽሐፉን ይክደኑና ዝም ይበሉ። ልጁ የሚለውን ይስሙት።

ተረቶቻችን ራሳቸው ግን ለዚህ ብልሃት የተፈጠሩ ናቸው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያሳተመው የሞኙ ማሞ ተረት እናቱ የመከረችውን ቃል በቃል ይዞ በማይሆን ቦታ ሥራ ላይ ስለሚያውል ልጅ ነው። አድማጩ ሕፃን ማሞ ሊሳሳት መሆኑን ቀድሞ ያውቃል፤ የሮዚን ቀበሮ ሲያይ የሚስቀውን ሳቅ እዚህም ይስቃል። ዮሐንስ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት መሥራች ነው፤ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት አድርጓል፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት የመጻሕፍት ጋሪ በየመንደሩ እንዲዞር አድርጓል። ለልጅ ሳቅ ሲባል መንገድ መውጣት እንደሚገባ የገባው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው የተደበቀ ብልሃት እንሂድ፤ ገጽ መግለጥ።

አንድ ወረቀት ያምጡና አራት ጊዜ በየግማሹ ይጠፉት። አሁን ታጥፎ ያለውን ቢቆጥሩት አሥራ ስድስት ቅጠል ነው፤ የፊትና የኋላው ሲደመር 32 ገጽ። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ማተሚያ ቤት ትልልቅ ወረቀት አትሞ እንዲህ ስለሚያጥፍ ነው። ሌላ ወረቀት ደግሞ ሦስት ጊዜ ብቻ ይጠፉና ጠርዙን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ይጻፉበት። ሲዘረጉት ቁጥሮቹ ተበታትነው፣ ግማሾቹም ተዘቅዝቀው ያገኟቸዋል። ማተሚያ ቤት የሚያትመው በዚያ በተዘበራረቀ ተራ ነው።

ከ32ቱ ላይ ርእሱና የአሳታሚው ጉዳይ የሚወስደው ሲቀነስ፣ ለታሪኩ የሚተርፈው አሥራ አራት ገደማ ጥንድ ገጽ ነው። ታዲያ ደራሲው አሥራ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ገጽ ያስገልጣል። እያንዳንዱን መግለጥ ያለ ምክንያት አያባክነውም። ጥያቄው በቀኙ ገጽ ታች ላይ ይቀመጣል፤ መልሱ ከገጹ ጀርባ ይጠብቃል።

ይህን ሥራ እስከ ጥግ የወሰደው ጆን ስቶን የጻፈው፣ ማይክል ስሞሊን የሣለው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ የሰሰሚ ስትሪት መጽሐፍ ነው። ግሮቨር የተባለው ባለሰማያዊ ጠጉር አሻንጉሊት በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ጭራቅ እንዳለ ይሰማና «እባካችሁ አትግለጡ» እያለ ይለምናል። ገጾቹን በገመድ ያስራል። በሳንቃና በምስማር ይቸነክራል። የጡብ ግንብ ይገነባል። ልጁ ግን በአንዲት ጣት ገጹን ሲገልጠው ግንቡ ይፈርሳል! መጨረሻ ላይ ያለው ጭራቅ ታዲያ ራሱ ግሮቨር ነው። የሚያስቀውና የሚያጽናናው በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ። ልጁ ሲፈራ የቆየውን ነገር እያቀፈ መጽሐፉን ይዘጋል።

ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ገጹን እርስዎ አይግለጡ። ገላጩ ልጁ ይሁን፤ ያለዚያ ኃይሉ የእርስዎ ይሆናል።

ዝምታም በገጽ መግለጥ ይሠራል። ጆን ክላሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ድብ ቆቡ ጠፍቶበት ያገኘውን እንስሳ ሁሉ ይጠይቃል። ጥንቸሏ ቀዩን ቆብ ጭንቅላቷ ላይ እንዳደረገች «አላየሁም» ብላ ትለፈልፋለች፤ ድቡም አመስግኖ ያልፋል። ልጁ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቅተዋል። ብዙ ገጽ ቆይቶ ድቡ ትዝ ሲለው ገጹ ሙሉ በሙሉ ይቀላል። የጥንቸሏ መጨረሻ በቃል ባይነገርም ከባድ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ግሩም ነው፤ ለሦስት ዓመት ሕፃን ግን እኔ አልመርጠውም። ስለዚህ ማንኛውንም መጽሐፍ ከልጁ በፊት እርስዎ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ሳቁን ካየን፣ ልብ የሚያሞቀውስ እንዴት ይሠራል? ብዙ መጽሐፍ «እወድሃለሁ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ በማተም ይሠራ ይመስለዋል። ጥሩዎቹ ፍቅሩን ይደብቁታል።

ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር» ለዚህ ወደር የለውም። ማክስ የተኩላ ልብስ ለብሶ ሲረብሽ እናቱ ተቆጥታ ያለ እራት ወደ መኝታው ትልከዋለች። ክፍሉ ጫካ ይሆናል፤ በጀልባ ሄዶ የጭራቆች ንጉሥ ይሆናል፤ ከዚያ ናፍቆት ይይዘዋል።

ማስመሪያ አምጥተው በሥዕሎቹ ዙሪያ ያለውን ነጭ ዳር ይለኩት። መጀመሪያ ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ነጩ ሰፊ ነው። የማክስ ቁጣ እያደገ ሲሄድ ሥዕሉ ያድጋል፤ ነጩ ይጠባል። ጭራቆቹ ሲጨፍሩ ሦስት ጥንድ ገጽ በሙሉ ሥዕል ይሆንና አንድም ቃል አይቀርም። እርስዎ የሚያነቡት የለም፤ ልጁ ብቻውን ያነባል። እዚያ ላይ ለማስረዳት አይጣደፉ።

አሁን እናቱን ይፈልጓት። በቃሉ ውስጥ አለች፤ በሥዕሉ ግን የትም የለችም። ማክስ ሲመለስ የሚታየው ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠለት እራት ነው። የመጨረሻው ገጽ ጭራሽ ሥዕል የለውም፤ እራቱ አለመቀዝቀዙን የሚናገሩ ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው። ይቅርታ ተደርጎለታል፤ ማንም ግን «ይቅር አልኩህ» አላለም። የሮዚ ቀበሮ በሥዕሉ ኖሮ ከቃሉ እንደጠፋ፣ የማክስ እናት በቃሉ ኖራ ከሥዕሉ ጠፍታለች። በሁለቱም ጎደሎውን የሚሞላው ልጁ ነው።

ለመኝታ ሰዓት ደግሞ ማርጋሬት ዋይዝ ብራውን የጻፈችው፣ ክሌመንት ኸርድ የሣለው «ጉድናይት ሙን» አለ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በሥዕሉ ላይ ያሉትን የግድግዳ ሰዓቶች ያንብቡ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ይነሡና 2 ሰዓት ከ10 ላይ ያበቃሉ። ክፍሉም ገጽ በገጽ እየጨለመ ይሄዳል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የክፍሉን ሥዕል እያገላበጡ ካላስተያዩ አያስተውሉትም። አንዲት ትንሽ አይጥ ደግሞ በየባለቀለሙ የክፍሉ ሥዕል ቦታ ትቀያይራለች። ልጅዎ አንዱን መጽሐፍ «ድገሚልኝ፣ ድገሚልኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ አይጧን ገና አላገኛትም፤ ወይም አግኝቷት እንደገና ሊያገኛት ይፈልጋል። ስለዚህ ሲገዙ ብዙ ቀላል መጽሐፍ ከመደርደር ጥቂት የሚደጋገም ቢመርጡ ይሻላል።

ለሁለት ዓመት ሕፃን ነገሩ ቀለል ይላል፤ ካርቶን ገጽ ይሁን፣ ጣት የሚገባበት ነገር ይኑረው። የኤሪክ ካርል ርቧት የማትጠግብ አባጨጓሬ በበላቻቸው ፍሬዎች ላይ እውነተኛ ቀዳዳ አለ። ካርል ሐሳቡ የመጣለት በወረቀት መብሻ ሲጫወት ነበር።

ውጭ አገር ለምትኖሩ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። የምናነበው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ በእንግሊዝኛም በአማርኛም መጽሐፍ ወደ ቀኝ የሚሄድ ገጸ ባሕርይ ወደፊት ይሄዳል፤ ወደ ግራ የሚሄደው ወደ ቤቱ የሚመለስ ይመስላል። ዕብራይስጥና ዓረብኛ ከቀኝ ይጀምራሉ፤ መጽሐፉም በዚያ በኩል ይከፈታል። እስራኤል ወይም ባሕረ ሰላጤ ያለ ልጅ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያነብ ሥዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት «ወዴት እየሄደች ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ዋሽንግተንም ሆነ ሮም፣ የቃሉ ማነስ ለአማርኛችሁ ሰፊ ቦታ ይከፍታል። «ሮዚስ ዎክ»ን በኩሬው ዙሪያ፣ በክምሩ ላይ፣ በቀፎው ሥር እያላችሁ በአማርኛ ተርኩት። ቀበሮውን ብቻ አትጥሩት።

መጽሐፍ ማግኘት ያስቸገረዎት እንደሆነ ቤት ይሥሩት። አራት ወረቀት ደርበው ከመሐሉ ይጠፉና እጥፋቱን በክር ይስፉት፤ 16 ገጽ ይወጣዋል። ልጁ እራት ሲበላ ይሣሉ፤ ከገበታው ሥር ድመት ያስቀምጡ። በየገጹ ድመቷ ትንሽ ትጠጋ፤ አንድ ገጽ ላይ ጅራቷ ብቻ፣ ቀጥሎ ጆሮዋ፣ ቀጥሎ መዳፏ ሥጋው ላይ። የሥዕልዎ አለማማር ግድ የለም፤ ድመት መሆኗ ከታወቀ በቂ ነው። ከሥሩ የሚጻፈው ልጁ በላ፣ ውኃ ጠጣ፣ ጠገበ የሚል ብቻ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ባዶውን ይተዉትና እርሳሱን ለልጁ ይስጡት።