ፊልሙ ወርዶ ሳያልቅ ማየት፦ እንዴት ይሠራል? ከቤታችንስ ምን ይወጣል?

ይህ ጽሑፍ በተለይ ኮምፒዩተሩን ለልጆቻቸው የተዉ ወላጆችን ይመለከታል። በዚህ ነገር ልጆቻችን ከእኛ ቀድመዋል። የኢንተርኔቱን ሒሳብ የምንከፍለው ግን እኛ ነን፤ ውሉም የተፈረመው በእኛ ስም ነው። ስለዚህ ልጁ «ፊልሙ ገና እየወረደ ነው፤ እኔ ግን እያየሁት ነው» ሲለን ምን ማለቱ እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

ከመካከላችን በአንዱ ቤት የሆነውን እናስቀድም። ቤተሰቡ ጎንደር ካለች አክስታቸው ጋር በኢንተርኔት ስልክ ይነጋገራል። የእርሷ ድምፅ ደህና አድርጎ ይሰማል፤ እርሷ ግን የእነርሱን ድምፅ እየተቆራረጠ ስለሚመጣባት መስማት አልቻለችም። ሁላችንም ጥፋቱን በኢትዮጵያ መስመር ላይ ጣልን። ምክንያቱ የተገኘው ግን እዚያው ቤት፣ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ነው። ልጁ ፊልም እያወረደ እያየ ነበር። ፊልም ማውረድ የእኛን ድምፅ ለምን ያቋርጣል? መልሱ ከአሠራሩ ይገኛል።

አሠራሩ ምን ይመስላል?

በተለመደው መንገድ ፊልሙ የሚመጣው የአንድ ድርጅት ከሆኑ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ነው። ድርጅቱ ይልካል፣ እኛ እንቀበላለን። ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በሚደረገው መጋራት ግን እንዲህ ያለ ማዕከል የለም። ከእነዚህ መንገዶች በጣም የታወቀው ቢትቶረንት ነው። ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 አወጣው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ወንፈልን ያውቃሉ። ዛሬ የእኔን አዝመራ እናጭዳለን፣ ነገ የአንተን። ቢትቶረንትም እንዲሁ ነው። ፋይሉ በብዙ መቶ ወይም በብዙ ሺህ ቁራጭ ይከፈላል። አንድ ቁራጭ የደረሰው ሰው፣ ሌላውን ቁራጭ እየተቀበለ፣ በእጁ ያለውን ደግሞ ለሌሎች ይልካል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ አንድ ኮምፒዩተር የማይችለውን ሸክም ብዙዎች ይካፈሉታል።

የአክስቲቱ ነገር መልሱ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ፊልሙን እየተቀበለ ብቻ አልነበረም፣ እየላከም ነበር። በብዙ ቤቶች የመላኪያው መስመር ከመቀበያው ይልቅ ጠባብ ነው። ፕሮግራሙ ያንን ጠባብ መስመር ሲሞላው የእኛ ድምፅ የሚያልፍበት ያጣል።

ሳያልቅ ማየት ለምን ያስቸግራል?

ቢትቶረንት ቁራጮቹን በተራ አያመጣም። ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድመው በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ያለውን ቁራጭ ነው፤ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች ኮምፒዩተራቸውን ቢያጠፉ ቁራጩ ከሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ግማሹ የወረደ ፊልም ገጾቹ እዚህም እዚያም የጎደሉ መጽሐፍ ይመስላል።

ለማየት ግን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ በተራ መምጣት አለበት። እንደ ኪውቢትቶረንት ያሉ ፕሮግራሞች «በቅደም ተከተል አውርድ» የሚል ምርጫ አላቸው። ነገር ግን ሁሉም ሰው በተራ ካወረደ የፊልሙ መጀመሪያ በሁሉም እጅ ይኖራል፣ መጨረሻው ግን በጥቂቶች እጅ ብቻ ይቀራል፤ ወንፈሉም ይዳከማል። ያለ አስፈላጊ ምክንያት ይህን ምርጫ አለመጠቀም የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የፍጥነት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 700 ሜጋባይት የሆነ የ90 ደቂቃ ፊልም ሳይቆም እንዲታይ በየሴኮንዱ 1 ሜጋቢት ያህል ያለማቋረጥ መምጣት አለበት። 4 ጊጋባይት ለሆነ የ2 ሰዓት ፊልም ደግሞ ወደ 4.5 ሜጋቢት ያስፈልጋል። መስመራችን 100 ሜጋ ቢሆንም፣ ፊልሙን የያዙት ሰዎች ጥቂት ከሆኑ የሚመጣው እነርሱ የሚልኩት ያህል ብቻ ነው። ፊልሙ የሚቆመው ሁልጊዜ በእኛ መስመር ድካም አይደለም ማለት ነው።

ሦስተኛው የፋይሉ ማውጫ ነው። በየፋይሉ ውስጥ ሥዕሉና ድምፁ የት የት እንዳሉ የሚናገር ማውጫ አለ። በአንዳንድ የኤምፒ4 ፋይሎች ማውጫው ከፊት፣ በሌሎቹ ከመጨረሻ ይቀመጣል። ከመጨረሻ ከሆነና ያ ክፍል ገና ካልደረሰ፣ ግማሹ ቢወርድም ፊልሙ አይከፈትም። «የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁራጭ አስቀድም» የሚለው ምርጫ የተሠራው ለዚህ ነው። ቪኤልሲ የተባለው ነጻ ማጫወቻ ያልተሟሉ ፋይሎችን በማጫወት ከሌሎች የተሻለ ነው።

ወላጆች ምን ማወቅ አለባቸው?

አንደኛ፣ የሚያይ ሰው የሚያከፋፍልም ሰው ነው። በ2014 ፖፕኮርን ታይም የሚባል ፕሮግራም ብቅ ብሎ ነበር። ልክ እንደ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ሲነኩት ፊልሙ ይጀምራል። ከበስተጀርባ የሚሠራው ግን ቢትቶረንት ነበር። ብዙ ተመልካቾች ፊልሙን ለሌሎች እየላኩ እንደሆነ አላወቁም። መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች በዚያው ዓመት ቢያቆሙትም፣ ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ተከትለውታል።

ሁለተኛ፣ በእስራኤል የ2007 የቅጂ መብት ሕግ መሠረት የሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ ለሕዝብ ማቅረብ የባለመብቱን መብት መጣስ ነው። ፍርድ ቤት የጉዳቱ መጠን ባይረጋገጥም ለአንድ ጥሰት እስከ 100,000 ሸቅል ካሳ ሊፈርድ ይችላል። አብረው የሚጋሩት ሁሉ ደግሞ የእያንዳንዳቸውን የአይፒ አድራሻ ማየት ይችላሉ። አድራሻው የሚመራው ወደ ልጁ ሳይሆን የኢንተርኔቱ ውል ወደተፈረመበት ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ቁራጭ ሳይበላሽ መድረሱን ይመረምራል። ይህ ግን ፋይሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ያወጣው ሰው ቫይረስ ከሆነ ያስቀመጠው፣ የሚደርሰን ሳይበላሽ የመጣ ቫይረስ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ የፋይሉ ስም መጨረሻ «ኢ ኤክስ ኢ» በሚባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ከሆነ ፕሮግራም እንጂ ፊልም አይደለም። «ይህን ፊልም ለማየት መጀመሪያ ይህን ማጫወቻ ጫኑ» የሚል ካለም አትጫኑ።

አራተኛ፣ መስኮቱን መዝጋት ፕሮግራሙን መዝጋት ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከሰዓቱ አጠገብ በትንሽ ምልክት ተደብቆ ፊልሙ ካለቀ በኋላም መላኩን ይቀጥላል።

ታዲያ ሁሉም ክልክል ነው?

አይደለም። መንገዱ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ የሚጠየቀው የሚጫንበት ነገር ነው። የኖርዌይ የሕዝብ ቴሌቪዥን ድርጅት ኤንአርኬ በ2008 የራሱን ተከታታይ ፊልም በቢትቶረንት አከፋፍሏል። በዚያው ዓመት የወጣው «ቢግ ባክ በኒ» የተባለው አጭር የካርቱን ፊልም ማንም እንዲያየውና እንዲያካፍለው የተፈቀደ ነው። ልጆች ነገሩን መሞከር ቢፈልጉ በዚህ ይጀምሩ። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ቤተ መዛግብትም ከ2012 ጀምሮ ፋይሎቹን በዚህ መንገድ ያቀርባል።

እኛ ራሳችን የቀረጽነውን የስግድ በዓል ወይም የሠርግ ቪዲዮ ራቅ ላሉ ዘመዶች ማድረስ ስንፈልግም ይጠቅማል። ነገር ግን ማግኔት ሊንኩ ከዘመድ አልፎ በሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ ቪዲዮውን መመለስ እንደማይቻል አትርሱ። የሙሽሮቹን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡና ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ የትኛው ፕሮግራም ነው? አሁን ምን እየላከ ነው? የላከውስ ፋይል የማን ነው? ከዚያም የመላኪያው ፍጥነት የሚወሰንበትን ቦታ እንዲያሳዩአችሁና ዝቅ እንዲያደርጉት ንገሯቸው። መቆጣት አያስፈልግም። ልጁ ወንፈል ምን እንደሆነ አያውቅ ይሆናል፤ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ወደ ወንፈል የሚሄድ ሰው የማን እርሻ ላይ እንደሚሠራ አስቀድሞ እንደሚጠይቅ ንገሩት።

የዚያ ቤት ልጅም የመላኪያውን ፍጥነት ዝቅ ካደረገ በኋላ፣ አክስቲቱ አሁን ደህና አድርጋ ትሰማለች።