ያውቁ ኖሯል? ቶራጃዎች ዘንድ የሞተ ሰው ገና «ታማሚ» ነው

በኢንዶኔዥያ፣ በሱላዌሲ ደሴት ተራሮች ላይ በሚኖሩት ቶራጃዎች ዘንድ ሰው ትንፋሹ ስለቆመ ብቻ ሞተ እንደማይባል ያውቁ ኖሯል? የቀብር ሥርዓቱ እስኪጀመር ድረስ «ታማሚ» ነው። አስከሬኑ ከቤተሰቡ ጋር በቤት ይቆያል፤ ምግብና መጠጥ ይቀርብለታል፤ ቤተሰቡም ጠያቂውም ያናግረዋል። ቆይታው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ የተበተነ ዘመድ መሰብሰብ አለበት፤ ድግሱም ቀላል ገንዘብ አይጠይቅም። አስከሬኑ እንዳይበሰብስ ቀድሞ በዕፅዋት ይጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ፎርማሊን ይወጋል።

ሞቱ የሚጸናው ራምቡ ሶሎ በተባለው ሥርዓት ላይ የመጀመሪያው ጎሽ ሲታረድ ነው (የዱሩ ሳይሆን ለማዳው ጎሽ)። ጎሾቹ ነፍስን ፑያ ወደተባለው የሙታን ምድር እንደሚያደርሱ ይታመናል። ለባለጸጋ ብዙ ይታረዳል፤ ከሁሉ ውዱ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ነው። አስከሬኑ ብዙውን ጊዜ ከገደል ላይ በተፈለፈለ መቃብር ያርፋል፤ በሌሞ መንደር ታው ታው የሚባሉት የሟቾች የእንጨት ምስሎች በገደሉ ሰገነት ላይ ተደርድረው ይታያሉ። አብዛኞቹ ቶራጃዎች ዛሬ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሥርዓቱን ግን አልተዉትም።