የምስማሩ ሣጥን

ደርግ ሚንስክ ለትምህርት ከላካቸው ልጆች አንዱ ነበርኩ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የላከኝም መንግሥት ፈርሶ ነበርና እዚያው ቀረሁ። ያከራዩኝ ሴትዮ ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን የዋጋ ንረት በልቶባቸዋል። በአዲሱ የቤላሩስ አንድ ሩብል ላይ ጥንቸል ተስሎ ስለነበር ሰዉ ገንዘቡን «ጥንቸል» ይለው ነበር። እውነትም ከኪስ ሮጦ ነበር የሚያመልጠው።

ነገሩ የተጀመረው በምስማር ነው። በ1993 ማብቂያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የመንግሥት እርሻ ኃላፊ የነበረ አሌክሳንደር ሉካሼንኮ የሚባል የምክር ቤት አባል የፀረ ሙስና ሪፖርት አነበበ። የሶቪየትን መፍረስ ከፈረሙት መሪዎች አንዱ የሆኑት ስታኒስላቭ ሹሽኬቪች ለዳቻቸው (ለገጠር ቤታቸው) ምስማር በነፃ ወሰዱ ተባሉ። አንድ ሣጥን! በቀጣዩ ወር ከሥልጣን ወረዱ። አከራዬ ግን በደስታ «ሌባ የሚያባርር ሰው ተገኘ» አሉ። በሐምሌ 1994 ሉካሼንኮ 80 ከመቶ ድምፅ አግኝቶ ተመረጠ፤ ያ ምርጫ እውነተኛ ነበር።

በታኅሣሥ ጋዜጦች ነጭ ባዶ ቦታ ይዘው ወጡ። አንድ የምክር ቤት አባል ስለ ፕሬዚዳንቱ ሰዎች ሙስና ያቀረበው ሪፖርት እንዳይታተም ታግዶ ነበር። ሴትዮዋ ገጹን አገላብጠው፣ «ባዶ ወረቀትም ይሸጡልን ጀመር?» አሉና ዓሣ ጠቀለሉበት።

በግንቦት 1995 ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጩ ባንዲራ ወርዶ የሶቪየቱን የሚመስል ይሰቀል? አከራዬ የወጣትነታቸው ባንዲራ ነውና ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «አዎ» አሉ። አራተኛው ጥያቄ ግን ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን መበተን ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። እሱን ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ። ከወር በፊት ሕዝበ ውሳኔውን ተቃውመው ምክር ቤቱ ውስጥ የረሃብ አድማ የመቱ አባላት በሌሊት ተደብድበው ተጥለው ነበር፤ ስለዚያም ብዙ አልተወራም።

በ1996 ሕገ መንግሥቱን ለመቀየር ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ውጤቱ አስገዳጅ ሊሆን አይችልም አለ። ሉካሼንኮ ግን አስገዳጅ አደረገው፤ የሥልጣን ዘመኑንም እንደገና ከዚያ ጀምሮ ቆጠረ። በ2004 የዘመን ገደቡ ጭራሽ ተነሣ። በ2020 ሉካሼንኮ 80 ከመቶ አገኘሁ ሲል፣ አደባባይ የወጣው ሕዝብ የያዘው ያንኑ የወረደውን ባንዲራ ነበር።

እኔ በ1997 ሻንጣዬን ስሸክፍ አከራዬ ሻይ አቀረቡልኝ። «ልጄ፣ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉኝ፣ «እዚህ ጡረታ በቀኑ ይከፈላል።» ይከፈልም ነበር።