የሕመምተኛው ወሬ በማን አፍ ይሂድ?

ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ሕክምና በጀመረች በሁለተኛው ወር ከጎንደር ስልክ ተደወለልኝ፤ የአጎታችን ልጅ ነው። ሰላምታዬን ሳያስጨርሰኝ ማልቀስ ጀመረ። «እስከ መቼ ትደብቁኛላችሁ? መርዶውን ከሰው አፍ ልስማው?» አለኝ። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ ነበር። ስልኩን ሰጠኋት።

ለካ አንዲት ዘመድ እህቴን ከስታና ሻሽ አስራ ገበያ አይታት ኖሯል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ጎንደር እስኪደርስ ሞት ሆኗል።

ጥፋቱ የእኛ ነው። እኛ ዝም ስላልን ሰው የጎደለውን በራሱ ሞላው። በአገራችን ክፉ ወሬ ይደበቃል፣ ካንሰርም «ያ ክፉ በሽታ» ይባል ነበር እንጂ በስሙ አይጠራም። ለማዘን ሳይሆን ለመጠበቅ ተብሎ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የኬሞ ሕክምና ወራት ይፈጃል። ፀጉር ሲረግፍ ምን ተብሎ ይደበቃል?

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ እሷን ጠየቅናት። ምን እንደሚነገር፣ ለማን እንደሚነገር የምትወስነው እሷ ናት፤ ልጆቿ እንኳ አይደሉም። እዚህ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግም የታማሚውን ምሥጢር ይጠብቃል። እህቴ የበሽታው ስም እንዲነገር ፈቀደች፤ ስለ ቀዶ ሕክምናው ግን «እሱ ለእኔ ይቅር» አለች። ይቅር አልን።

ቀጥሎ አንድ አፍ መረጥን፤ ሁለተኛ ልጇን። ቀድሞ ከኬሞ ማግስት ስልኩ አያርፍም ነበር። እህቴ እያስመለሳት እንኳ ለእያንዳንዱ ደዋይ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። አሁን ልጅቷ ከእያንዳንዱ ሕክምና በኋላ በዋትስአፕ በድምፅ ትናገራለች፤ ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌዎቻችን ብዙ ናቸውና። «እማዬ ሦስተኛውን ኬሞ ዛሬ ወስዳለች። ደክሟታል፣ ሾርባ ግን ጠጥታለች። እስከሚቀጥለው ሳምንት አትደውሉላት፣ እኔ እነግራችኋለሁ።» ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ከየቤተሰቡ ለአንድ ሰው ትደውላለች፣ እሱ ለሌሎቹ ያደርሳል።

የከበደን የጠያቂው ነገር ነው። የታመመ አለመጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ኬሞ ግን ነጭ የደም ሴሎችን ይቀንሳል፤ በብዙዎቹ መድኃኒቶች በጣም የሚቀንሱት ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ሕመምተኛውን ሆስፒታል ሊያስተኛ ይችላል። አንዲት ጎረቤታችን «አትምጪ» ስንላት ተቀየመች። ምክንያቱን ስንነግራት እንጀራ ጋግራ በር ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ታመጣለች። ስለዚህ «አትምጡ» ስትሉ ለምን እንደሆነ ጨምሩበት፣ ሰው የሚሠራውንም ስጡት። መኪና ያለው ወደ ሕክምና ያድርሳት።

ትኩሳት ግን የዘመድ ወሬ አይደለም። ሙቀት 38 ከደረሰ ማንም ከመስማቱ በፊት ለሕክምና ቡድኑ ይደወላል፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሌላም አለ። ሐኪሙ ያለውን የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ካስተረጎመው ለዘመድ የሚደርሰው የተሳሳተ ነገር ነው፤ ሕፃኑም የማይችለውን ይሸከማል። የአማርኛ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ።

የአጎታችን ልጅ አሁን መልእክቱን በሰማ ቁጥር «እሷ ራሷ አንድ ቃል ትጨምርበት» ይላል። ትጨምርለታለች።