የድረ ገጹ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአስመጪው የዋጋ ዝርዝር ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ሆኗል። የሶማሌ ተራው የመለዋወጫ ነጋዴ አሮጌውን ወረቀት ቀዶ አዲሱን ይለጥፋል። ድረ ገጽ ያሠራው ጎረቤቱ ግን ገጹን ለሠራለት ባለሙያ መደወል፣ መጠበቅ፣ ለአንዲት መስመርም መክፈል ሊኖርበት ይችላል። ባለሙያው ስልክ ካላነሳ የድሮው ዋጋ እዚያው ተሰቅሎ ይሰነብታል፤ ደንበኛውም «በተጻፈው ስጠኝ» ብሎ ይሟገታል።

ይህን ጣጣ የሚያስቀረው የይዘት ማስተዳደሪያ የተባለው ሶፍትዌር ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ አሠራሩ ለነጋዴ ባዕድ አይደለም፤ ዕቃውና መደርደሪያው የሚለያዩበት ዘዴ ነው። ጽሑፉና ዋጋው በዳታቤዝ ይቀመጣል፤ ቀለሙና አቀማመጡ ለብቻው ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር ደብዳቤ የሚጽፍ ሠራተኛ በይለፍ ቃል ገብቶ 4,500 ብር የነበረውን 5,200 ብሎ ያርማል፤ መደርደሪያው አይነካም።

በስፋት የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕሬስ ነው። ድሩፓል በ2001፣ ጁምላ በ2005 የወጡ ናቸው። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ በመሆናቸው ፕሮፎርማው ላይ «የሶፍትዌር ዋጋ» የሚል መስመር ከታየ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የሚከፈለው ለባለሙያው ሥራ፣ ለማስቀመጫው ኪራይ፣ ለዶሜይኑ ዓመታዊ ክፍያ፣ ከተፈለገም በገንዘብ ለሚሸጡ ንድፎችና ተጨማሪ ክፍሎች ነው። ዊክስና ሾፒፋይ ግን ራሳቸው የኪራይ ቤት ናቸው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ሱቁ ይዘጋል፤ ንድፉን እንዳለ ጠቅልሎ ወደ ሌላ ቦታ መውጣትም አይቻልም።

ዋናው ጉዳይ ቁልፉ ነው። በዎርድፕሬስ «አስተዳዳሪ» የተባለው ተጠቃሚ ሁሉን ያዝዛል፤ ሌላውን ማስወጣት ጭምር። «አርታኢ» ግን ጽሑፍና ፎቶ ከመለወጥ አያልፍም። ጸሐፊዋ አርታኢ ብትሆን ይበቃታል፤ የካዝናው ቁልፍ አያስፈልጋትም። ባለቤቱ ግን በራሱ ኢሜይል የተመዘገበ አስተዳዳሪ መሆን አለበት።

ዶሜይኑም እንዲሁ ነው። ባለሙያው በራሱ ስም የሚያስመዘግበው ለተንኮል ላይሆን ይችላል፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው እሱ ስለሆነ ይሆናል። ውጤቱ ግን የሱቁን የኪራይ ውል በደላላው ስም ከማጻፍ አይለይም። በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቁትን ስሞች የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በድርጅቱ ስም እዚያው ማስመዝገብ አንዱ አማራጭ ነው።

ነፃ ነው ማለት ጥበቃ አያሻውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2014 ድሩፓል አንድ ትልቅ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልታደሰ ገጽ ሁሉ እንደተሰበረ ይቆጠር አለ። ሰባት ሰዓት! የሰንበት ቀን ቢሆን ማን ያድሰው ነበር? የእድሳቱና የመጠባበቂያ ቅጂው ኃላፊነት የማን እንደሆነ በውሉ ላይ ካልሰፈረ የማንም አይሆንም።

አማርኛ ጽሑፍ በፎቶ መልክ መለጠፉም የሚያከስር ልማድ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በቀጥታ ይጻፋል። በፎቶ የተለጠፈ ዋጋ ግን ጸሐፊዋ ልታርመው አትችልም፤ ጉግል ላይ «የፍሬን ሸራ» ብሎ የሚፈልግ ገዢም ላያገኘው ይችላል።

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ባለቤቱ ባለሙያው በሌለበት፣ በራሱ ኮምፒዩተር ገብቶ የአንድ ዕቃ ዋጋ ለውጦ ቢያይ ይሻላል። ካልሆነለት ሥራው ገና አላለቀም።